መቶ ሰዓት የተቀቀለው ድምፅ

ይህን የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ማመን አለማመኑ የእናንተ ፈንታ... እኔ ያልሆነ ነገር አልጨምርም፣ የሆነውንም አልቀንስም።

የጀመረው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ሼንዠን፣ ኋቺያንግቤይ፣ ከአሮጌው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ በላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ።

ጨለማ አልነበረም። ውጭ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል። ውስጥ ግን መብራቱ ጠፍቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ሃያ ምናምን ሰው በየጠረጴዛው አጠገብ ታጣፊ አልጋውን ዘርግቶ ተኝቷል። የምሳ እንቅልፍ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ስልክ የሚያነሳ የለም። የግድ የሚያወራ ካለም ያንሾካሽካል።

ለማታውቁኝ... ስሜ ኩዋንግ ዪኒንግ ነው። አዳዲስ ኤርፎኖችን እያዳመጥኩ በዚህ ቻናል እፈርዳለሁ። አምራቾቹ ሳጥኑ ላይ "ሰማይ ይከፈትላችኋል" ብለው ይጽፋሉ። እኔ ሰማዩ መከፈት አለመከፈቱን አያለሁ።

ሳልቀቅል አልፈርድም። አዲስ ኤርፎን መቶ ሰዓት ሙሉ፣ ያለማቋረጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ድምፅ እያጫወተ ይቆያል። እዚህ "መቀቀል" ነው የምንለው፣ ሾርባ በለስላሳ እሳት እንደሚቀቀል። ጥሬው ድምፅ ይበስላል ይባላል። መብሰሉን በቁጥር ያሳየኝ ሰው የለም... ግን ሁላችንም እንቀቅላለን።

ፓንግ ሻውቦን "ወንድም ቦ" ነበር የምለው።

ጓንግዡ ዩኒቨርሲቲ ስንማር በሁለት ዓመት ይቀድመኝ ነበር። አንድ ክፍል ነው የተኛነው። ማዳመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓይኔን በፎጣ አስሮ አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ያሰማኝና "ከበሮ መቺው የት ቆሟል?" ይለኛል። ከተሳሳትኩ የማታ ሩዜን ይበላብኛል።

እና አንድ ምስጢሬን ያውቃል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በአዲስ ዓመት በዓል፣ ርችት ግራ ጆሮዬ ሥር ፈነዳ። ወፍራም ድምፅ ይሰማኛል። ቀጫጭኑ ግን በግራ በኩል የለም... ሞቷል። ወላጆቼ እንኳ ድኗል ብለው ነው የሚያስቡት። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ወንድም ቦ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ይዞ "ይሄ ከእኔ ጋር ይቀበራል" አለኝ።

በጆሮው የሚፈርድ ሰው አንድ ጆሮው ግማሽ ሙት መሆኑ ከተሰማ አለቀለት። ስለዚህ ደበቅኩ። ለቀጭኑ ድምፅ ቀኝ ጆሮዬንና የመለኪያ መሣሪያዬን ብቻ ነበር የማምነው። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ሌላውን ከመናገሬ በፊት ይታወቅልኝ።

ወንድም ቦ በዚያው ፎቅ፣ ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ፣ ትንሽ የኤርፎን አውደ ጥናት ከፈተ። ያለውን ሁሉ አፈሰሰበት። በሰኔ ወር የመጀመሪያ ሥራውን በጥቁር ሳጥን ይዞልኝ መጣ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"ዘፈኑን ብቻ አትሰሙም። የተዘፈነበትን ክፍል ትሰማላችሁ። በክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመውን ሰው ጭምር።"

"ወንድም ቦ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኛ! ምነው፣ አያምርም?"

"ዝም ያለ ሰው እንዴት ነው የሚሰማው?"

"ሰምተህ ፍረድ፣ ትንሹ ኩዋንግ። ለእኔ ብለህ አንዲት ቃል እንዳታሳምር። ቆሻሻ ከሆነ ቆሻሻ በል።"

"እላለሁ።"

"ትላለህ! እናትህ በሠራችው ወጥ ላይ ነጥብ የምትሰጥ ሰው አይደለህ?"

ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ ረዘመ።

ከዚያ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ "ቀቅዬልሃለሁ። መቶ ሰዓቱን እኔው ጨርሻለሁ፣ አትድከም" አለኝ።

ሁልጊዜ የምቀቅለው እኔ ነኝ። ሁልጊዜም የምፈርድበትን ኤርፎን ከሱቅ ነው የምገዛው። ያን ቀን ሁለቱንም ተውኩ።

ወንድም ቦ ነዋ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ። ሁሉም ተኝቷል። ኤርፎኑን ጆሮዬ ውስጥ አደረግሁና አንድ የድሮ ቅጂ ከፈትኩ። አንዲት ሴት፣ አንድ ባለ አውታር መሣሪያ።

የጣት ጥፍር አውታሩን ሲፍቀው ሰማሁ...

በግራ ጆሮዬ።

ከስንት ዓመት በኋላ። በግራ!

አለቀስኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ። ቀጥሎ ክፍሉ መጣ። የእንጨት ወለል። ከኋላ ያለ ግድግዳ። ወንበር ሲንቋቋ።

እና አንድ ሰው አየር ሳበ...

ዘፋኟ አይደለችም። እሷ ከፊት ናት። ይሄኛው ከኋላ ነው፣ በስተግራ። እሷ ልትጀምር ስትል ቀድሟት ትንፋሹን ይስባል። ግን አይዘፍንም።

ዝም ብሎ ይቆማል።

በማግስቱ ፈተናውን አደረግሁ። ሩዪን የምትባል ኬብል የምትሸጥ ልጅ አለች፣ ሁለት ጠረጴዛ ከእኔ ወዲያ። ዓይኔን አስራ፣ ድምፁን አስተካክላ፣ አንዴ የወንድም ቦን ኤርፎን አንዴ ሌላውን ጆሮዬ ውስጥ እያደረገች ሃያ ጊዜ ጠየቀችኝ።

"የሠፈሩ ፈራጅ ዛሬም ሙሽራ መስሎ ተሸፋፍኗል" እያለች ትስቃለች።

ሃያውንም ለየሁ። አንድ አልሳትኩም።

"እስቲ አንቺም ስሚው። ከኋላ በግራ... የሚተነፍስ ሰው።"

ሰማች። ቅንድቧን ሰበሰበች። "የምሰማው አንተ ስታቃስት ብቻ ነው" አለችኝ።

የሲሊኮን ጆሮ ባለው መለኪያዬም ለካሁት። ግራፉ ላይ እንግዳ ነገር የለም። ይህንንም ሳልደብቅ ጻፍኩ። "መለኪያው አያሳይም፣ ጓደኛዬ አልሰማችም፣ እኔ ግን ከሃያ ሃያ ለይቻለሁ። የተባለው እውነት ነው" ብዬ ከስሜ ጋር አወጣሁት።

ወንድም ቦ ጽሑፉን አንብቦ አቀፈኝ። ልቡ ደረቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ሰዉ ገዛ። "እኔ ምንም አልሰማሁም" የሚል ኮሜንት ሲመጣ መልሴ አንድ ነበር።

"ቀቅሉት። መቶ ሰዓት ሳይሞላ አትፍረዱ።"

እሺ አሉ። እኔ ስላልኩ እሺ አሉ። በየከተማው፣ በየመሳቢያው ኤርፎኖቹ ይቀቀሉ ጀመር። ለአራት ቀናት ቅሬታ የሚባል ነገር ጠፋ።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው እኔ ሌላ ዘፈን የከፈትኩት።

በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን የተቀዳ ነው። ክፍሉ ጠባብ መሆን ነበረበት።

ያው የእንጨት ወለል ነው። ያው ወንበር...

ያው ትንፋሽ።

ሌላ ከፈትኩ። ያው ነው።

ከዚያ በኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ከፈትኩ። ዘፋኝ የለውም፣ ክፍል የለውም፣ ማይክሮፎን የሚባል ነገር አልነካውም።

ከኋላ፣ በስተግራ... አንድ ሰው አየር ሳበ።

ሙዚቃውን አቆምኩት።

ትንፋሹን አወጣ።

ኤርፎኑን መንጭቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ተኝቷል። የሩዪን ጫማዎች አልጋዋ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቀዘቀዘ አየር የሚለቀው ማሽን ብቻ ያጉረመርማል።

"ደክሞህ ነው" አልኩ ለራሴ። ሰው መስማት የሚፈልገውን ይሰማል፣ ይህን ለእናንተም ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ።

ጽሑፌ በወጣ በአሥራ አንደኛው ቀን መልእክት ደረሰኝ። ከጉዪያንግ ነው። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ፣ መምህርት ቺ ዋንሩ ይባላሉ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቃል በቃል እነሆ፦

"ኩዋንግ ልጄ፣ ባለቤቴ የተማሪ መዘምራን መሪ ነበር። ካሴታቸው እኔ ጋ አለ። ልጆቹ ይሰማሉ፣ እሱ ግን አይሰማም። እጁን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። አንተ ዝም ያለውም ይሰማል ስላልክ ገዛሁት። መቶ ሰዓት ቀቀልኩት፣ አልሰማሁትም። ሁለት መቶ ሰዓት አደረስኩት። ልጄ፣ የሞተው የኔ ጆሮ ይሆን?"

ስልኩን አስቀመጥኩ። አነሳሁት። ደግሜ አነበብኩት።

ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ወደ ገበያው ወርጄ ያንኑ ኤርፎን ከሱቅ ገዛሁ።

ጆሮዬ ውስጥ አደረግሁት።

በግራ በኩል ምንም የለም። ጣት የለም። ወለል የለም። ተራ፣ ደብዛዛ ድምፅ ነው።

ሁለቱንም በምላጭ ከፍቼ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጥኳቸው። ቀኞቹ አንድ ናቸው። ግራዎቹ አይደሉም። ወንድም ቦ በሰጠኝ ግራ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ ተደብቃለች። የምታወጣውን ለካሁት። የእኔ ጆሮ የማይሰማቸውን ድምፆች ብቻ፣ ጨምራ፣ አጉልታ፣ ልክ በጆሮዬ ጉድለት መጠን።

መለኪያዬ ላይ ለምን እንዳልታየ ያኔ ገባኝ። ድምፁ በሙዚቃው ውስጥ ያለ ነው። የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፣ የፋብሪካ ልዩነት ብዬ አለፍኩት። ለጤነኛ ጆሮ ምኑም አይደለም። ለእኔ ግን የተዘጋ በር መክፈት ነው።

ትንፋሹ ግን... በመለኪያውም፣ በአጉሊ መነጽሩም አልተገኘም።

ወደ ወንድም ቦ ክፍል ስገባ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሠራተኞቹ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። እሱ ብቻ ነቅቶ ተቀምጧል። የተከፈተውን ግራ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

አየው። እኔን አላየኝም።

"ቀስ በል" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ሰው ተኝቷል።"

"ለእኔ ብቻ ነው የሠራኸው።"

"ሁሉም ለፈራጅ የተሻለውን ይልካል። አታውቅም እንዴ? አዲስ ነው?"

"የተሻለ አይደለም። የኔ ጆሮ ነው።"

የተከፈተውን ኤርፎን በመዳፉ ሸፈነው።

"ልኩን ከየት አመጣኸው? ሐኪም ቤት ካየኸው ወረቀት በኋላ ዓመታት አልፈዋል። ከየት ነው?"

"ትንሹ ኩዋንግ..."

"ከየት?"

ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀሰረ። ከመስታወቱ ወዲያ አልጋዬ ይታያል።

"አንተ እንቅልፍህ ከባድ ነው" አለ። "በቀኝ ጎንህ ነው የምትተኛው። ስድስት ቀን ነው... በየቀኑ ሃያ ደቂቃ። አልጎዳሁህም።"

ምን እንዳደረገ ላስረዳችሁ። ጤነኛ ጆሮ ድምፅ ሲላክለት እጅግ ደቃቅ ድምፅ ይመልሳል። ሐኪሞች አራስ ልጅን የሚመረምሩት በዚህ ነው፣ ተኝቶ እያለ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ አግብተው። የሞተው ቦታ አይመልስም። ወንድም ቦ በምሳ እንቅልፍ ሰዓት፣ ሃያ ሰው በተኛበት መሃል ተንበርክኮ፣ መሣሪያውን ጆሮዬ ውስጥ አስገብቶ የሞተውን ቦታ ለካ።

የመምህርት ቺን መልእክት አውጥቼ ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አነበበው። ስልኩን መለሰልኝ።

"አሮጊት ናት" አለ። "ትረሳዋለች።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ቃል ድረስ ይቅርታ ላደርግለት እየፈለግሁ ነበር። አውደ ጥናቱን ሊያድን ነው፣ ሰው ሲጨንቀው ብዙ ያደርጋል እያልኩ በሆዴ እከራከርለት ነበር።

"ፓንግ ሻውቦ" አልኩት። በሙሉ ስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። "ትንፋሹስ የማን ነው?"

"የምን ትንፋሽ?"

"ግራው ውስጥ የጨመርከው። ከኋላ የሚተነፍሰው ሰው።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"እኔ ትንፋሽ አልጨመርኩም።"

"አትዋሽ።"

"በእናቴ! ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው ያጎላሁት።" ግንባሩ በላብ ረጠበ። "ሙዚቃው ሲቆምም... ይሰማሃል?"

መልሱን ከፊቴ አነበበው።

"ሦስት ቀን ግራህ ምንም አልመለሰም" አለ፣ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ። "የፈለግሁትም እሱን ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ጠቅታ ላክሁ... ሁለት መጣ።"

"ምን ማለት ነው?"

"እኔ እንጃ። በአምስተኛው ቀን ሦስት ላክሁ፣ አራት መጣ። ሁልጊዜ አንድ ይጨምራል። በስድስተኛው ቀን..."

አንዱ ሠራተኛ ወለሉ ላይ ተገላበጠ። ተመልሶ እስኪያንኮራፋ ጠበቅን።

"በስድስተኛው ቀን ምንም ሳልልክ ጀመረ። ነቅዬ ሮጥኩ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ጆሮህ ውስጥ እንደገባሁ ታውቅ ነበራ።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ዓይኔን እያየ።

ከትንፋሹ በላይ ያቆሰለኝ ይሄ ነው። በእንቅልፌ መሃል ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር አገኘ። ፈራው። ሮጠ። ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ልክ ይዞ ኤርፎን ሠራልኝ፣ "ቀቅዬልሃለሁ" ብሎ ሰጠኝ፣ ስጽፍለትም አቀፈኝ።

"ስለ ጆሮህ ከጻፍክ የምታልቀው አንተም ነህ" አለኝ ስወጣ።

"አውቃለሁ።"

የዚያኑ ዕለት ሁሉንም ጻፍኩ። ፍርዴን አነሳሁ። ግራ ጆሮዬ ግማሽ ሙት መሆኑን ተናገርኩ። ለመምህርት ቺ ለብቻቸው "የእርስዎ ጆሮ ጤነኛ ነው፣ የታመመው የኔ ነው፣ አታለልኩዎት" ብዬ ላክሁላቸው።

ሁለት መስመር መለሱልኝ። "አመሰግናለሁ ልጄ። እኔ ግን እሱ ዝም ያለባትን ቦታ አውቃታለሁ፣ ካሴቱ እዚያች ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።"

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ አጽናናችሁኝ። ብዙዎቻችሁ ደግሞ "እስከዛሬ በደንቆሮ ነው የተፈረደልን?" አላችሁ። ትክክል ናችሁ። "የሐኪም ወረቀት አምጣና ምን ያህል እንደምትሰማ እንወቅ፣ ከዚያ በኋላ እናምንህ እንደሆነ እናያለን" አላችሁ። ይህም ትክክል ነው። አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ወረቀቱን አልለጠፍኩም። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ምክንያቴ ይህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ፣ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የወንድም ቦ ኤርፎን አብሮኝ አልነበረም፣ ቤት ውስጥ በቴፕ አሽጌ ትቼዋለሁ። የምርመራው ክፍል ግድግዳ በስፖንጅ ተሸፍኗል። መርማሪዋ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን፣ ተጫዋች ሴት ናት።

"አይናገሩ፣ አይዋጡ፣ አይንቀሳቀሱ" አለችኝ። "የሚሠራው ጆሮዎ ነው፣ እርስዎ እረፍት ላይ ነዎት።"

ቀኙ ሦስት ደቂቃ ወሰደ። "እንደ ሕፃን ጆሮ ነው" ብላ ሳቀች።

መሣሪያውን ወደ ግራ አዛወረች። ማዳመጫዋን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች፣ ስክሪኑን እያየች።

አንድ ደቂቃ...

ሁለት...

"እባክዎ አይናገሩ" አለች።

አልተናገርኩም። በጣቴ አፌን አሳየኋት፣ ተዘግቷል።

ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። እጇ ማጥፊያው ላይ ደረሰና ቆመ። ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዘነበለ፣ በር ላይ የሚጠራውን ሰው ለመስማት እንደሚያዘነብል ሰው።

"አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

ማሽኑን አጠፋች። ወረቀት አላተመችም። ማዳመጫዋን አውልቃ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። ጭንቅላቷ ግን አሁንም ወደ ግራ እንዳዘነበለ ነበር። ከዚያ መሳቢያዋን ስባ፣ ጥጥ ቆርሳ፣ በጣቶቿ አሽታ... እኔን እያየች፣ የራሷን ግራ ጆሮ ደፈነች።